በጆሃንስበርግ የበረዶ ጫማ ሙግት

ደቡብ አፍሪካ የሄደ ዘመድ የሌለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ሰፈር፣ ሆሳዕና፣ የለም። ስለዚህ ከጉዞ ስመለስ ሁሉም የጠየቀኝ ስለ ሱቁ፣ ስለ ወረቀቱና ስለ ሌባው ነበር። እኔ ግን የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው። በየደጃፉ ቆሜ ደጋግሜ ከማወራ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነውና አጻጻፌን ታገሱኝ፤ ነገሩ ላይ ግን የጨመርኩት የለም።

ልጄ ደሳለኝ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ሱቅ አለው። ሴት ልጁ ኤፍራታ እዚያው ተወልዳ ያደገች ኮረዳ ናት። አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ወስደው በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ቢያሳዩአት ወደደችው፤ ከመውደድም አልፋ እሽቅድምድም ገባች። ስለት የተገጠመበት ጫማ አድርጎ በበረዶ ላይ መሮጥ ነው። አባቷ ይቅር አለ። እሷ አይቀርም አለች። አንድ ቤት እያደሩ ሳይነጋገሩ ከረሙ።

በመጨረሻ ኤፍራታ ደወለችልኝና፣ "አያቴ፣ አንቺ ፍረጂ። ያልሽውን እቀበላለሁ" አለች።

ደሳለኝም ስልኩን ተቀብሎ፣ "እኔም እቀበላለሁ እማዬ" አለ። ይህን ያለው ለእሱ የምፈርድ መስሎት ነው። እናቱ ነኛ።

እኔ ግን ሳላይ አልፈርድም። "ሰው በድንበር ሲካሰስ ሽማግሌ ማሳው ላይ ይቆማል እንጂ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይህ ያንተ፣ ያ ያንቺ ይላል እንዴ?" አልኳቸው። እንግዲያው ነይ አሉኝ። በዚያው ሰሞን ከውጭ አገር ተወዳዳሪዎች የሚመጡበት የቅዳሜና የእሑድ ውድድር ስለነበር ለእሱ እንድደርስ ሆነ። ኮሮና ገና አለቀቀንም ነበር።

ረቡዕ ማለዳ ከሆሳዕና መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሳሁ። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ማስክ የሌለው አይሳፈርም" ይላል። የራሱ ማስክ አገጩ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ አድርግ" አልኩት።

"እማማ፣ እኔ እየጮህኩ ነው የምሠራው፤ ያፍነኛል።"

"እኔስ ሳልተነፍስ ነው የምሄደው?"

ተሳፋሪው ሳቀ፣ ልጁም አደረገ። ወራቤ እስክንደርስ አድርጎት ነበር። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ስለወሰደኝ አልመሰክርም።

ቡታጅራ ላይ ቁርስ በልተን አዲስ አበባ ገባን። ጀሞ የእህቴ ልጅ ቤት አረፍኩ። እሷም ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ለኮሮና ምርመራ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ነርሷ ረጅም ቀጭን እንጨት በአፍንጫዬ አስገባች። እኛ ጉንፋን ሲይዘን ጤና አዳም ነው አፍንጫችን ላይ የምናስጠጋው። ይህኛው ከአፍንጫዬ አልፎ ሐሳቤን የሚፈልግ ይመስል ነበር። ማታ ውጤቱ በስልክ መጣ፤ ነፃ ነሽ ተባልኩ።

ሐሙስ ጠዋት በረርኩ። አውሮፕላን ውስጥ ማስክ ማውለቅ ክልክል ነው ይላሉ። ምግብ ሲመጣ ግን ሁላችንም ባንድ ጊዜ አወለቅን። ሰው ሲበላ ኮሮናውም አብሮ ምሳ ይወጣል ማለት ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ሱቅ ለመሥራት የሚሄድ የዱራሜ ልጅ ነበር። መስኮቱን ለቀቀልኝ። ከላይ ሲያዩት የሰው አገርና የራስ አገር አይለይም፤ ሁሉም የተጣፈ ጨርቅ ነው።

ጆሃንስበርግ ስንደርስ ጓንት ያጠለቀ ጎልማሳ ሻንጣዬን ከፈተ። በርበሬውን አሸተተና አስነጠሰው። በዚያ ዘመን ሰው ሲያስነጥስ ማን ይቆማል? ከኋላዬ የነበረው ሰልፍ በሙሉ አፈገፈገ። በርበሬውን አሳለፈልኝ፤ ለምራቴ የያዝኩትን ቅቤ ግን የወተት ነገር አይገባም ብሎ ያዘው። የዱራሜው ልጅ አስተረጎመልኝ።

"ሕግ ከሆነ ይሁን። ግን ሲጥለው ልይ በለው" አልኩት።

"እማማ፣ ኤርፖርት እኮ ነው።"

"ኤርፖርትም ቢሆን። ሕጉ ካስጣለው ለሁሉም ይጣል። ወደ እሱ ቤት የሚሄድ ከሆነ ግን የእኔ ልጅ ቤት ይቀድማል።"

ሰውየው ሲተረጎምለት ከማስኩ በላይ ዓይኑ ሳቀ። ትልቁን የቆሻሻ በርሜል ከፍቶ ፊቴ ጣለው። አዘንኩ፤ ግን ረካሁ።

ደሳለኝ በአሮጌ መኪናው ወሰደኝ። ሱቁ ከግቢው ፊት ለፊት በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ገዢ ከውጭ፣ ሻጭ ከውስጥ። እኛ ዘንድ ብረት ውስጥ የሚቀመጠው ያጠፋ ሰው ነው። እዚያ የሚቀመጠው ያላጠፋው ነው። ዳቦ ሊገዙ የመጡት ሁሉ በፍርግርጉ እያዩኝ "ሳውቦና ጎጎ" አሉኝ። ሰላምታ ነው፤ ጎጎ ደግሞ አያት ማለት ነው አሉኝ። ስሜን ሳይጠይቁ ማዕረጌን አወቁት። የግቢው ባለቤት ማማ ኖምሳ የምትባል ባልቴት ናት። በቆሎ ገንፎና ቅጠላ ቅጠል በሳህን ሸፍና አመጣችልኝ። ገንፎው ቅቤ የለውም፤ የእኔ ቅቤም በርሜል ውስጥ ነው። ቢሆንም ጠግቤ በላሁ። እሷ በዙሉ፣ እኔ በሀዲይኛ ስለ ጉልበታችን ሕመም አወራን። አንድ ቃል አልተግባባንም፤ ግን የቱ ጋ እንደሚያማት አውቄያለሁ።

እየበላን መብራት ጠፋ። አገሬ ያለሁ መሰለኝና ደስ አለኝ። እዚያ ግን መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አስቀድሞ ይነገራል። ሌባ ቀጠሮ ይዞ እንደሚመጣ ማለት ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሁለቱን ተከራካሪዎች ፊት ለፊት አስቀምጬ ሰማሁ። ለየብቻ የሚሰማ ዳኛ ሁለት ጊዜ ይታለላል። ምራቴ ጽጌ ሱቁ ውስጥ ሆና እየሸጠች በመጋረጃው ታዳምጣለች።

ደሳለኝ ጀመረ። "እማዬ፣ ልብሱ ከገላዋ ጋር የተጣበቀ ነው። ጫማው ሥር ያለው ቢላ ነው፤ ልጅ ቢላ ላይ ቆማ ትሮጣለች። እሑድ ከቸርች ትቀራለች፣ እሷ መዘምር ሆና። ደግሞ ዞራ ዞራ እዚያው ናት፤ የትም አትደርስም።"

"ልብሱ እኮ ስለት እንዳይቆርጠን የተሠራ ነው፣ ፕሮቴክሽን ነው" አለች ኤፍራታ። "ቸርች ደግሞ በኮቪድ ምክንያት ግማሽ ግማሽ ነው የምንገባው። የዚህ እሑድ ተራ የእኛ አይደለም። ዳዲ ያውቃል።"

"ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። ተራዋ ቢሆንም ግን ትቀር ነበር።"

"ባልተሠራ ጥፋት አይከሰስም" አልኩና ያንን ጣልኩት። "ቀጥዪ።"

ኤፍራታ ቀጠለች። "እዚህ ሰፈር የሱቁ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት የውጭ አገር ሰው ልጅ ነኝ። ቸርች የደሳለኝ ልጅ ነኝ። በረዶው ላይ ግን የማን ልጅ ነሽ የሚለኝ የለም፤ ስንተኛ ወጣሽ ነው የሚሉኝ። እሱን ብቻ አትውሰዱብኝ።"

ደሳለኝ መሬት መሬት አየ። ከዚያ የሚይዘው ነገር ያጣ ይመስል ጫማውን አነሳ። ጫማው ከክለቧ በውሰት የተሰጣት ነው፤ ሌላ የላትም። ስለቱ እንደ ክንድ ይረዝማል። በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፣ "ይሄማ ደንዟል። ጎመን አይከትፍም" ብሎ አስቀመጠው።

ለማያውቀው ልንገር፤ ደሳለኝ ሆሳዕና እያለ የሰፈሩን ቢላ ሁሉ የሚስለው እሱ ነበር። የዘመን መለወጫችን ያሆዴ ሲደርስ፣ በሬ ታርዶ ሥጋው ሲከፋፈል፣ ከየቤቱ ቢላ ይመጣለታል። ሱቅ ከገባ ወዲህ ማንም አልጠየቀውም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ የመሳያ ድንጋይ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሲር፣ ሲር፣ ዝም፤ ሲር፣ ሲር፣ ዝም። ቤቴ ያለሁ መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ።

ኤፍራታን አሠልጣኟ በመኪና መጥታ ቀድማ ወሰደቻት። አሠልጣኟ ጠና ያለች ነጭ ናት፤ ቁጣዋ የእኔን ይመስላልና ወደድኳት። ለአንድ ተወዳዳሪ ሁለት ተመልካች ብቻ ስለሚፈቀድ ደሳለኝ ሱቁን ይዞ ቀረ፣ እኔና ጽጌ በታክሲ ሄድን። የታክሲው ረዳት ተሳፋሪው ራሱ ነው። ሒሳቡ ከኋላ ወንበር በሰው እጅ ወደ ፊት ይሄዳል፣ መልሱም በሰው እጅ ይመለሳል፤ አንድም አይጎድልም። እንዲህ ያለ ሕዝብ ለምን ብረት አጥር እንዳስፈለገው አልገባኝም።

በረዶው ያለው በትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ውጭው ያቃጥላል፣ ውስጡ ደጋ ነው። ከላይኛው ፎቅ ሰው ልብስ እየገዛ ቁልቁል ያያል። በር ላይ ግንባራችንን በመሣሪያ ለኩ፣ እጃችን ላይ ወረቀት አሰሩ፣ አንድ ወንበር እየዘለልን ተቀመጥን። ከጽጌ ጋር አንድ አልጋ ላይ አድረን መጥተናል፤ እዚያ ግን መራራቅ አለባችሁ ተባልን።

ሜዳው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። መታጠፊያው ላይ ጥቁር ጎማዎች ተደርድረዋል፤ በእነሱ ውጭ መዞር ነው። አራት አምስት ሆነው ባንድ ላይ ይነሳሉ፤ ሲታጠፉ ጎናቸው መሬት ሊነካ እስኪደርስ ያዘነብላሉ። ሩጫው ባለቀ ቁጥር ሰዎች ባልዲ ይዘው ገብተው በረዶው ላይ ውሃ ያፈሳሉ። የተቦጨቀውን እንዲሞላ ነው። እኛ መንገዳችን ጭቃ የሚሆንበትን ነገር እነሱ መንገድ ይጠግኑበታል። ሊመጡ ከነበሩት አገሮች ግማሾቹ ድንበር ተዘግቶባቸው ቀርተዋል። ከመጡት ከሆላንድ የመጡት ይበዙ ነበር።

ኤፍራታ ለማሟሟቅ ስትገባ እግሮቿ ግራና ቀኝ ተለያዩባት። እንደ አዲስ ጥጃ ተነሳች፣ ደግማ ወደቀች። የመጀመሪያው ሩጫ ሲደርስ እንደምንም ገባች፤ መታጠፊያው ላይ ተንሸራታ ከግድግዳው ፍራሽ ጋር ተላተመች፤ ሌሎቹ ጨርሰው ሲወጡ እሷ ገና ትድሃለች። ጽጌ ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች።

አሠልጣኟ ጫማውን አስወልቃ ስለቱን በጥፍሯ ዳሰሰችና ፊቷ ተለዋወጠ። ለካ ያ ስለት ሥሩ ጠፍጣፋ ነው መሆን ያለበት፤ በረዶውን የሚይዘው በግራና በቀኝ ጠርዙ ነው። አሁን እንደ ሥጋ ቢላ ሾሏል።

ኤፍራታ ስልኳን አወጣች። "ዳዲ፣ ጫማዬን ነካህ?"

የደሳለኝ ድምፅ ደስ ብሎት ይሰማል። "አዎ፣ ሳልኩልሽ። አሁን ፀጉር ይሰነጥቃል።"

ዘጋችበት። ወደ እኔ ዞራ፣ "ሆን ብሎ ነው። እንድተው ብሎ ነው። አያቴ፣ አሁን ፍረጂ" አለች። እንባዋ ማስኩ ውስጥ ይገባል።

"አሁን አልፈርድም። እሱ እዚህ የለም።"

"ፌር አይደለም።"

"ፌር ማለት ይሄ ነው" አልኳት። ይቺን ቃል ከእሷ ነው የተማርኳት።

ከወዲያ ሽበታም፣ ቁመተ ረጅም ሰው መጣ። የሆላንዶቹ አሠልጣኝ ነው። ጫማዎቹን ገልብጦ ማሰሪያ ብረት ላይ ጎን ለጎን አጠበቃቸውና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ ይሞርድ ጀመር። ምሳውን ትቶ ሠራ። ባጠገቡ ቁጭ ብዬ ዳቦ ቆሎ አቀረብኩለት፤ ማስኩን በአንድ ጣት ገለጥ እያደረገ ቆረጠመ። በጽጌ በኩል ጠየቅኩት። "ያንተም ልጆች ከዚች ጋር ይወዳደራሉ። ለምን ትሠራላታለህ?"

"ብቻዋን የሮጠች ልጅ ማንን ቀደመች ይባላል?" አለኝ።

ይህ ሰው ሆሳዕና ቢወለድ ሽማግሌ ይሆን ነበር። ስለቱን በብርሃኑ አንጻር አይቶ ደግሞ ሳቀ። "ይህን የሳለው ሰው እጁ እጅግ ጥሩ ነው። የተሳለው ነገር ነው ሌላ" አለ። ቃሉን በልቤ ያዝኩት፤ ምስክርነት ነው።

ከሰዓት በኋላ ኤፍራታ በተስተካከለው ጫማ ረጅሙን ሩጫ ሮጠች። ከምድቧ ሁለተኛ ወጥታ ለእሑዱ የመጨረሻ ውድድር አለፈች። ስትዞር አይቻታለሁ። ቤት ውስጥ ሲያዩዋት ትከሻዋን ሰብስባ የምትሄድ ልጅ ናት፤ እዚያ ግን ለቀቅ አድርጋ ነው የምትሄደው።

ማታ ሱቁ እንደተዘጋ ሙግቱን ቀጠልኩ። ደሳለኝ ከደወለችለት ጊዜ ጀምሮ ምሳም አልበላም ነበር።

"ክስሽን ተናገሪ" አልኳት።

"ነገ የምተወው መስሎት አበላሸብኝ።"

"አንተስ?"

"ደንዞ አየሁት። ሲስሉት የሚፈጥን መሰለኝ" አለ።

"ለምን አልነገርካትም?"

"አንነጋገርማ።"

ግራ እጁን ከጠረጴዛው በታች ይዞታል። አውጣ አልኩት። አውራ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል። አገሬ ሳለ ቢላ ስሎ ሲጨርስ ያደርግ የነበረውን ነው ያደረገው፤ ስለቱን በጣቱ ሞከረ።

"ኤፍራታ" አልኳት፣ "ሊያበላሽ የፈለገ ሰው ስለቱን አስፋልት ላይ ይመታዋል። እንቅልፉን ትቶ ሳይነጋ ይስለዋል? በጣቱስ ይሞክረዋል?"

ጣቱን አየችው። የቀረበላትን ሳህን በእሱና በእሷ መካከል አድርጋ አስጠጋችው። ሁለቱም ከእሱ በሉ።

"ፍርዱ ነገ ነው" አልኩ። "ደሳለኝ፣ ነገ አንተ ትመጣለህ። ያላየ አይከራከርም።"

"ሱቁስ?"

ጽጌ ከጓዳ፣ "እኔና ማማ ኖምሳ አለን። አርፈህ ሂድ" አለችው። እሷ የምትፈርድ ቢሆን ኖሮ ሙግቱ ያኔ ገና አልቆ ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቃትም። ይህንን ራሴም ልብ ያልኩት ስመለስ ነው።

እሑድ ደሳለኝ በቸርች ኮቱና በክራቫቱ መጣ። በረዶውን ሲያይ አፉ ተከፈተ፤ ማስኩ ሸፈነለት። ጋቢዬን ለሁለት ተከናነብነው፤ የሚያራርቀን አስተናባሪ አይቶ እንዳላየ አለፈን።

ፍርዱን የሰጠሁት ውድድሩ ሳይጀመር ነው። ካሸነፈች በኋላ ብፈርድላት ሜዳሊያው ፈረደ ይባላል። ከተሸነፈች በኋላ ብፈርድባት ደግሞ በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ስለዚህ ኤፍራታን አጥሩ ድረስ አስጠራኋት። ጫማዋን እንዳጠለቀች ከወዲያ ቆመች፣ እኛ ከወዲህ።

"ኤፍራታ እስክትጠግብ ትሩጥ" አልኩ። "ቸርች ተራዋ የሆነ እሑድ ግን ቸርች ትሂድ፤ እዚያም የሚጠብቋት አሉ። ሆን ብሎ ነው ላለችው አባቷን ይቅርታ ትጠይቅ። ደሳለኝ ደግሞ ሳያይ ከስሷልና፣ ከእንግዲህ ስትወዳደር መጥቶ ይይ።"

"ሶሪ ዳዲ" አለች።

"እሺ" አለ እሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ "እማዬ፣ ለእኔ የደረሰ ነገር የለበትም እኮ" አለ።

"ፍርድ ነው እንጂ ቅርጫ አይደለም፤ ለሁሉም እኩል መደብ አይወጣም።"

"ዞሮ ዞሮ እዚያው መመለስ ምን ሥራ ነው ያልኩትስ?"

"አንተስ ጠዋት ፍርግርጉን ከፍተህ ማታ አይደል የምትዘጋው? የት ደረስክ?"

ኤፍራታ ሳቀች። ስንት ወር ያልሳቀችውን ነው መሰለኝ የሳቀችው።

የመጨረሻው ውድድር ጀመረ። ኤፍራታ፣ ሁለት የሆላንድ ልጆችና አንዲት የአውስትራሊያ ልጅ ናቸው። ደሳለኝ መጀመሪያ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። አንድ ዙር ሲዞሩ እጁ ተፈታ። ሌላ ሲዞሩ ተነሳ። ደግሞ ሲዞሩ ጋቢዬን ይዞብኝ ወደ አጥሩ ሄደ። "እለፊ፣ በውስጥ እለፊ፣ ኧረ በውስጥ በኩል" ይላል። ስለ በረዶ ሩጫ ከጠዋት ጀምሮ ነው ያወቀው።

የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ኤፍራታ ሦስተኛ ነበረች። መታጠፊያው ላይ በውስጥ በኩል ገባች። ሎተ የምትባለው የሆላንድ ልጅ ቀድማት ነበር። እኔ የተቀመጥኩት በዚያው መታጠፊያ አንጻር ነው። የኤፍራታ ቀኝ እጅ ተዘረጋ፣ የሎተ ዳሌ ላይ አረፈ፤ ሎተ ሚዛኗ ጠፍቶ ወደ ፍራሹ ሄደች። ኤፍራታ ሁለተኛ ገባች።

ደሳለኝ የማያውቀውን ሰው አቀፈ። በኮሮና ዘመን፣ በአደባባይ፣ ክራቫት ያደረገ ሰው።

ዳኞቹ ተሰብስበው በቪዲዮ አዩት። ብዙም ሳይቆይ የኤፍራታ ስም ተጠራና ተሰረዘች ተባለ። ሎተ ደህና ነበረች፤ ተነስታ ልብሷን እያራገፈች ነው።

ደሳለኝ አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ። "እጇ አልነካም" አለ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ለባልዲ ያዡ በዙሉ ነገረው። ኤፍራታም መጥታ፣ "ዳዲ፣ አልነካኋትም፣ እሷ ናት የጠበበችብኝ" አለች። ሁለቱም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

"እማዬ አይታለች። እማዬ፣ ንገሪያቸው።"

"አይቻለሁ" አልኩ። "ነክታታለች።"

"አያቴ።"

"በቀኝ እጅሽ። ዳሌዋ ላይ።"

"የልጅ ልጅሽ እኮ ናት" አለ ደሳለኝ።

"ለዚህ ነው ደኅና አድርጌ ያየኋት።"

ተነስቼ ወደ ሽበታሙ አሠልጣኝ ሄድኩ። ያንተ ልጅ ተበድላለች ለማለት ቋንቋ ስላልነበረኝ ክርኔን ዘረጋሁለት። በዚያ ዘመን ሰላምታው በክርን ነው። እሱም ክርኑን ገጠመልኝና በእጁ ወደ ኤፍራታ ጠቁሞ አውራ ጣቱን አነሳ። ዳኛ ሆኜ ብሄድም ከእኔ የተሻለ ዳኛ አገኘሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባትና ልጅ ከፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ። ለወራት ያልተነጋገሩት ሰዎች ያንን ሁሉ መንገድ ወሬያቸው አላቋረጠም። መታጠፊያው እንዲህ ነበር፣ ያቺ ልጅ እንዲህ ገባች፣ በሚቀጥለው ውድድር በውጭ በኩል ብትሄጂስ። እኔ አንድ ነገር ስናገር ሁለቱም ዝም ይላሉ። አኮረፉኝ። ጽጌ በሩን ከፍታ ፊታቸውን አየችና፣ "ምን ሆኑ?" አለችኝ።

"ታረቁ" አልኳት።

ሰኞ ኤርፖርት ድረስ ሸኙኝ። ማማ ኖምሳ ለጉልበቴ የሚሆን ቅባት በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ሻንጣ ፈታሹ ይህኛውን አልወሰደብኝም። ደሳለኝ ሲስመኝ ጠጋ ብሎ፣ "እማዬ፣ መቼ እንደምንገናኝ አይታወቅም። ከመሄድሽ በፊት ለዚች ልጅ አልነካሽም በያት፤ ምን ይጎዳሻል?" አለኝ። ኤፍራታ ከጎኑ ቆማ እጁን ይዛለች። ጽጌ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

ነክታታለች ብዬ ተሳፈርኩ።

አሁንም እሑድ እሑድ ይደውላሉ። በፊት ስልኩን ተራ በተራ ነበር የሚይዙት፤ አሁን ጉንጭና ጉንጫቸውን ገጥመው አንድ ላይ ይታዩኛል። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ የሩጫውን ቪዲዮ ልከውልኛል። ቀስ አድርገው እያስኬዱ፣ "እዪ አያቴ፣ እዚህ ጋ ክፍተት አለ" ትላለች ልጅቱ። "ልብሷን ነው የነካው፣ ገላዋን አይደለም" ይላል አባትየው። አንድ ቀን ክፍተት ይላሉ፣ ሌላ ቀን ንፋስ ነው ይላሉ፣ ባለፈው ደግሞ ካሜራው ነው አሉ። አንዳቸው የረሱትን ሌላው ያስታውሰዋል። አስታርቂ ተብዬ ሄጄ አስታርቄያለሁ፤ የታረቁት በእኔ ላይ ነው።

እኔም መነፅሬን አድርጌ ከመጀመሪያው ደግሜ አየዋለሁ። ተመልሰሽ እዪ ባሉኝ ቁጥር አያለሁ፤ ያላየ አይከራከርም ያልኩት እኔው ነኝ።

ነክታታለች።